ጋራዥህን ያተረፈው ፀጉር

ውድ ባለቤቴ ግርማ ሆይ፣

ከተለየኸኝ አራተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ አንጀትህን የሚያርስ ወሬ እስካገኝ ስጠብቅ ነው። አሁን አገኘሁ። ጋራዥህ አልተዘጋም።

ሊዘጋ ግን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዘይት ሲፈስ ሠራተኞችህ ዱቄት ሳሙና በትነው በጎማ ውኃ ያጥቡት እንደነበር ታስታውሳለህ። ወለሉ ሲያበራ ደስ ይልህ ነበር። እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ፣ ደጃፉን ሳላልፍ፣ ዘይቱ የት እንደገባ እጠይቅሃለሁ። ዝናብ ወሰደው ብለህ ትስቅብኛለህ። ዝናቡ የሚወስደው ከጋራዡ ግርጌ ወዳለው ወደ ወይዘሮ ባፈና ጓሮ ነበር። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ጎመናቸው ጠቁሮ ሲደርቅ ለቀበሌ አመለከቱ። ቀበሌውም ዘይት አንድ ጊዜ እንኳ በቦዩ ቢወርድ በሩ እንደሚታሸግ ጻፈ። ደብዳቤውን ያመጣልኝ ተካ ነው፤ አንተ ከቁልፍ አቀባይነት አስተምረህ ዛሬ የሠራተኞቹ አለቃ የሆነው ተካ። በዚያ ጋራዥ ገቢ አራት ቤተሰብ ይተዳደራል። ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነበር።

በመጀመሪያ ዘይቱን እንዲመጥልኝ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አስመጣሁ። በደረቅ ወለል ላይ ጥሩ ነው። ዝናብ ሲነካው ግን ውኃውንም ጠጥቶ አብሮ በቦዩ ወረደ።

ያን ሰሞን እህቴ አናቴን ቅቤ ቀብታኝ ነበር። ስታጠብ ውኃው እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ቅቤው ግን ፀጉሬን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። እጄን ከሳፋው ሳላወጣ ቆሜ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ሳስተምር ይህን ከራሴ ላይ ሳላየው ኖሬአለሁ። ወዲያው ከማበጠሪያዬ የለቀምኩትን ፀጉር በአሮጌ ናይለን ካልሲ ጠቅጥቄ፣ ውኃ ላይ የተቃጠለ ዘይት አፍስሼ ነከርኩት። ዘይቱን ያዘ፤ ውኃውን ተወው። እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ አምስት ጊዜ ደገምኩት።

ከመንገድ ማዶ ካለው ፀጉር አስተካካይ ጥራጊውን በጆንያ ልወስድ ስል ሰውየው ዓይኔን ማየት ፈራ። የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፤ የተቆረጠ ፀጉሩ ባዕድ እጅ እንዲገባ አይወድም። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ካዛንቺስን አዳረሰው። መምህርቷ ባሏ ሲሞትባት ጠንቋይ ቤት መመላለስ ጀመረች ተባለ። በእድራችን ስብሰባ ግራና ቀኜ ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ። በዚህ ዕድሜዬ መተተኛ ለመባል በቃሁ፣ ግርማ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን መስቀልና ጠበል ይዘው መጡ። ክርክር አልገጠምኩም። ሳፋው ፊት አስቀምጫቸው፣ ካልሲውን በገዛ እጃቸው እንዲነክሩት አደረግሁ። ዘይቱ ከውኃው ፊት ሲገፈፍ አይተው ካልሲውን ደግመው ነከሩት። ጠበሉን ካመጡት አይቀር ለጋራዡ ይርጩልኝ አልኳቸው። እየሳቁ ረጩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያዩትን ለሴቶቹ ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ ፀጉሩን፣ ያረጀውን የሱፍ ሹራብ፣ የተተለተለውን ካልሲ ራሳቸው ያመጡልኝ ጀመር።

ሠራተኞችህን መርፌ አስያዝኳቸው። ካልሲውን በፀጉርና በሹራብ ቅዳጅ እየሞሉ፣ እንደ ክንድ የወፈረ ጥቅል ይሰፋሉ። ስፌቱ የሳሳውን እያስፈታሁ እንደገና አሰፋሁ። ተካ ሞተር ማውረድ ይቀለኛል እያለ ሲያጉረመርም ነበር፤ ግን ሰፋ። ከበሩ ጀምረን እስከ ቦዩ አፍ በሦስት ረድፍ ዘረጋናቸው።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት፣ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል የተቃጠለ ዘይት የሞላውን በርሜል ገለበጠው። ጥቁሩ ጎርፍ ወደ በሩ ሮጠ። የመጀመሪያው ረድፍ ጠገበ፤ ሁለተኛው ተቀበለው፤ ሁለተኛውን ያመለጠውን ሦስተኛው ያዘ። እኛም በዝናቡ ውስጥ የጠገበውን እያነሳን በደረቅ ቀየርነው። እኔም ጭምር፣ ነጠላዬን ጥዬ።

የቀበሌው ሰው የበርሜሉን መገልበጥ ሰምቶ ማሸጊያውን ይዞ ሲደርስ አልለመንኩትም። ወርደህ እይ አልኩት። ወይዘሮ ባፈና ጓሯቸው ቆመው ጠበቁን። ሰውየው ከቦዩ ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን አነሳው፤ ደፍርሷል እንጂ የዘይት ቀለም አልነበረበትም። እንደ አዲስ የተከሉትን ጎመን ቅጠል በቅጠል ሲያገላብጥ ግን ሴትዮዋ አላስቻላቸውም፦

«ልጄ፣ ቅባት ከፈለግህ ከአናቴ ላይ ፈልግ። ጎመኔስ ንጹሕ ነው፤ ተወው።»

ማሸጊያውን ኪሱ ከቶ ሄደ። ከሳሻችን ጠበቃችን ሆኑ። ከጥቅሎቹ የጨመቅነውን ዘይት ግንበኞች ለእንጨት መቀቢያ ወሰዱት። በሳምንቱ የሌላ ጋራዥ ባለቤት ከወሎ ሰፈር ድረስ መጥቶ አሠራሩን ጠየቀኝ። ደብተር ይዞ እንዲመለስ ነገርኩት፤ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝልህ። ዘይቱ የት ገባ ብዬ ስንት ዓመት ጠየቅሁህ፤ ምን ብታደርግ እንደሚሻል ግን አንድ ቀን አብሬህ አላሰብኩም። መልሱን ሳያውቅ ተማሪ እንደሚቆጣ መምህር ሆኜብህ ነበር። ሳቅህ ትዕግሥት እንደነበር አሁን ይገባኛል።

አንተን የማስታውስህ ጥቁር ለብሼ ቤት በመቀመጥ አይሆንም። በየማለዳው ጋራዡ ገብቼ ሰዎችህን እንዴት አደራችሁ እላለሁ፤ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ ስፌታቸውን አያለሁ። ዛሬም ገብቼ ነበር። ቀሚሴን ዘይት ነክቶታል፤ አላጠብኩትም።

ያንተው ባለቤት