የግራ በኩሉ አድናቂዬ

ለእትዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዶክተሩ ደረጃ አትውጪ ካለሽ ወዲህ ልጅሽ ከሶፋው እንደማታስነሳሽ ሰምቻለሁ፤ እሰይ፣ ደግ አደረገች። የልጅ ልጅሽስ ጥርስ አበቀለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል መቼም ታውቂኛለሽ፤ ትናንት ቆሽቴ ሲያር ነው ያመሸው።

እንግዲህ ቴአትር ቤቱ አመስግኖሻል። ሥራ አስኪያጁ «ያለ ደመወዝ ዕድሜዋን ከመጋረጃ ጀርባ የሰጠች» እያለ ሲናገር፣ መርፌ ቁልፍ በከንፈርሽ ይዘሽ ቀሚሴን ከወገቤ ላይ ስታጠብቢ የተነሳሽው ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶት ነበር። ከኔ የሚታየው ወገቤ ብቻ ነው። አስቢው እስቲ፣ ዋና ተዋናይዋ ወገብ ሆና ቀረች!

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ስተውን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ስምሽ ሲጠራ ሰው ግር ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ሜካፕ የምትሠራው ልጅማ አለቀሰች። ያ ኩራተኛ አዘጋጅ እንኳ፣ እኔን አንድ ቀን «በርቺ» ብሎኝ የማያውቀው፣ «እሷ ባትኖር አንድም ተውኔት ባልተከፈተ» አለ። እኔ ባልኖርስ ይከፈት ነበር? ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ። ልጆች ሆነን እማዬ ያንቺን ፀጉር አስቀድማ ስትሠራ ሆዴን ይበላኝ የነበረው ነገር፣ ለካ የትም አልሄደም። ቀናሁብሽ፣ እትዬ። ምን ልደብቅሽ።

ሰዉ ሲቀመጥ «ምስክር ወረቀቱን እህቷ ትቀበልላት» ተባለ። እህቷ! የኔን ስም የሚጠራ ጠፋ። ይሁን ብዬ ወጣሁ። መብራቱ ውስጥ ገብቼ፣ እንደ ልማዴ አንገቴን ሰበር አድርጌ ቆምኩ። እኔ ስገባ ጭብጨባው ሁልጊዜ ከግራ በኩል በአንድ ሰው ይጀምርና ሌላው ይከተላል አይደል? ግራ በኩል የሚቀመጥ አድናቂ አለኝ እያልኩ ስንቴ ጉራ ነዝቼብሻለሁ! አንቺም ቀሚሴን እየሰፋሽ፣ ማን ያውቃል፣ መልከ መልካም ይሆናል ትይኝ ነበር።

ትናንት ጠበቅኩት። የለም። ከኋላ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማኝ። አንገቴን እንደሰበርኩ ደርቄ ቀረሁ፤ ቀና ልበል ወይስ ልቆይ? ያዘጋጀሁትን ንግግር እንኳ ሳልናገር ወረቀትሽን ተቀብዬ ሹልክ አልኩ። ውርደት ነው፣ እትዬ።

ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ መጋረጃ ሳቢው ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ሕዝቡን ዛሬ ምን ነካው አልኩት። አስጀማሪ ከሌለ ማን ይጀምራል አለኝና ያንቺን በርጩማ በዓይኑ አሳየኝ። እንደተውሽው ከግራው መጋረጃ ሥር ነው። ሄጄ ተቀመጥኩበት። ከዚያ እኮ ተውኔቱ በቅጡ አይታይም፤ የሚታየው መብራት ውስጥ የሚገባው ሰው ጀርባ ነው።

ስጦታሽ ከፊት ረድፍ ያለ ባለ ከፈይ ወንበር ነው፤ ስምሽ ተጽፎበታል፣ የዕድሜ ልክ ነው ብለዋል። ለኔ ዱካ እንኳ የሰጠኝ የለም። ወንበሩ ያምራል፤ ግን እንድትቀመጪበት አልፈልግም። ቅናት ነው ትይ ይሆናል፤ አዎ ነው። ሲሻልሽ በጀርባ በር ቀጥታ ወደ በርጩማሽ ነይ። እዚያ ደረጃ የለም፤ ትራስም አድርጌበታለሁ።

እስከዚያው ጉልበትሽን ይጠግንልኝ፤ የልጅ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እጆችሽን ደግሞ አብልጦ ይጠብቅልኝ። ያን የግራ በኩሉን አድናቂዬን ካገኘሽው፣ አንገቷን እንደሰበረች እየጠበቀችህ ነው በይልኝ።

ቀናተኛዋ ታናሽሽ