ፎቶህን ሰቅለው «እንታገሥ» አሉን

አባየ፣

«እንደምን ከረምክ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተናድጃለሁ። ካረፍክ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እስካሁን ስምህ በተነሣ ቁጥር አለቅስ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ጥርሴን ነው የምነክሰው። በአንተ አይምሰልህ። በማን እንደሆነ ስነግርህ አንተም ካለህበት ብድግ ሳትል አትቀርም።

በፊት የቤቱን ልንገርህ፤ ሳልነግርህ ብጀምር ትቆጣኛለህ። እማየ ደህና ናት። ጎንደር ውረጅና ከእኔ ጋር ኑሪ ብላት «አምባ ጊዮርጊስን ለማን ጥዬ?» ትለኛለች። ጉልበቷን ያማታል፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው። እርሻውን አበጀ ይዞታል። ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ጎበዝ ገበሬ ይወጣዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የዘንድሮው ገብስ ሸጋ ነው፣ ድንቹን ግን በሽታ መታው። ቀዩ በሬ አርጅቶ ተሸጠ። እኔም እዚያው ጎንደር፣ አራዳ ያለው ጨርቅ ሱቄ ውስጥ ነኝ። መንገዱ ሰላም ሲሆን እሑድ እሑድ እማየ ጋ እወጣለሁ፤ ሲዘጋ በስልክ ድምፅዋን እሰማለሁ።

የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። ሌላው የጮራ ነው።

ደጋ ጮራ ለሌላው ሰው አንድ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ለአንተ ግን ብርድና ዝናብ ሳትል ከአምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ተሳፍረህ ጎንደር የምትወርድለት ነገር ነበር። ያኔ እማየን «ገበያ ነው የምሄድ» ብለህ እኔን አስከትለህ የወረድክ ቀን ትዝ ይልሃል? ገና ልጅ ነበርኩ። ኮሶዬ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዝተህ አበላኸኝ፣ «ለእናትሽ እንዳትናገሪ» አልከኝ። ስታዲየም ስንደርስ ዘበኛው በትርህን ይዘህ አትገባም ሲልህ በሩ ፊት ለፊት ካለችው ባለ ሱቅ ዘንድ አስቀመጥከው። ዝናብ ሲመጣ ጋቢህን በሁለታችን ራስ ላይ ዘረጋኸው። በጋቢው ቀዳዳ ነው መጀመሪያ ጎል ሲገባ ያየሁት። ማታ እማየ ገና ስታየን «ገበያው ብርቱካናማ ሻርፕ መሸጥ ጀመረ?» አለችን። የጮራን ሻርፕ አንገቴ ላይ ረስተኸው ነበር።

ያንን ዓመትም አልረሳሁት፤ ወደ ላይኛው ሊግ ልንወጣ አንድ ጨዋታ የቀረንን። የወገራ ገበሬ አዋጥቶ ሙክት አምጥቶላቸው ነበር፤ የእኛን አንተ ራስህ በገመድ እየጎተትክ ካምፑ ድረስ ወሰድከው። የዚያን ቀን ተሸነፍን። ልጆቹ መሬት ላይ ተዘርረው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። አንተ ግን ተነሥተህ ሁለት እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ «እንኳን ሞከራችሁ! እንኳን ሞከራችሁ!» ትል ነበር። ጎረቤታችን ያነሣህ ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። ስለዚያ ፎቶ የምነግርህ አለኝ።

አባየ፣ ጮራ ወድቋል። ከሊጉ ገና አልወረደም፤ እኔ የምለው ሌላ ውድቀት ነው። አንተ በሄድክ በዓመቱ አምበሉን ሸጡት። በምትኩ ይመጣል አሉ፤ የመጣ የለም። ቀጥለው በረኛውን ሸጡ። ቀጥለው ያንን አንተ «እግሩ ላይ ዓይን አለው» የምትለውን አማካይ። አሁን የሚሰለፉት ግማሾቹ ሌላ ክለብ ያሰናበታቸው ናቸው፣ ግማሾቹ ገና ጢማቸው ያልበቀለ ልጆች። በልጆቹ አልፈርድም። አሠልጣኙ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ የመጣው ሁሉ ግን በሬዲዮ አንድ ነገር ይናገራል፦ «ዕቅዳችን በሊጉ መቆየት ነው።» መቆየት! ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ «እንዳትባረር ብቻ» የሚል አባት አይተህ ታውቃለህ?

በጥር ከታች ገና ካደገ ቡድን ጋር በሜዳችን ተጫወትን። እንግዶቹ ፈርተውን ነበር የመጡት። የፈራን ግን እኛ ሆንን። ከእረፍት በኋላ የእኛ ልጆች እየተፈራረቁ ሜዳው ላይ እየተኙ እግራችንን ያዘን ይሉ ጀመር፤ ሰዓት ሊያባክኑ! በገዛ ሜዳቸው፣ ዜሮ ለዜሮ ሆነው፣ በደጋፊያቸው ፊት! ፊሽካው ሲነፋ ተቃቀፉ። አሠልጣኙም እየሮጠ ገብቶ አቀፋቸው። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አጥሩ ላይ አሠሩና ወጡ። ሌላው ተከተላቸው። ከዚያ ሌላው። ስንወጣ ዞር ብዬ ባይ አጥሩ ብርቱካናማ ሆኗል። እኔም የእኔን አሥሬ መጣሁ።

ይህን ያዩ የክለቡ አለቆች ምን ያደረጉ ይመስልሃል? ተጫዋች ገዙ? ይቅርታ ጠየቁ? አንተን ሰቀሉ።

አዎ፣ አንተን። በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ በስታዲየሙ በር ሳልፍ ሁለት ሰው የሚያህል ባነር ተሰቅሏል። ጋቢህን ለብሰህ፣ እጅህን ዘርግተህ፣ አንተ ነህ። ከሥርህ በትልቁ «እንደ አያ ዘለቀ እንታገሥ!» ይላል። መጀመሪያ ሳይህ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም፣ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። ያንተን ፊት ለእነሱ ስንፍና መጋረጃ አድርገውታል! የጠየቀን የለም። ለእማየ የነገራት የለም። ፎቶውን ከየት እንዳገኙት እንኳ አላውቅም።

ደግሞስ አንተን ታጋሽ ያለህ ማን ነው? አንተ በኳስ መቼ ታግሠህ ታውቃለህ? ከመታመምህ በፊት፣ ያንን የቀኝ መስመር ልጅ ሲሸጡት፣ ቢሮአቸው ድረስ ሄደህ አልነበር? እኔም አብሬህ ነበርኩ። የክለቡ ሰብሳቢ ሻይ ልዘዝልዎ አለህ፤ ሻይህን ለራስህ አልከው። «ዘር አትብሉ» አልከው። «ዘሩን የበላ ገበሬ በክረምት ምን ይዞ ይወጣል?» ሰውዬው ሳቀና «አያ ዘለቀ፣ ትንሽ ይታገሡን እንጂ» አለህ። አንተም በትርህን መሬት ላይ መታ አድርገህ «ትዕግሥት ለዘራ ሰው ነው፤ ያልዘራ ምን ይጠብቃል?» ብለህ ወጣህ። ደረጃውን እስክንወርድ ድረስ ስታጉረመርም ነበር። እነሱም ይህን ያውቃሉ። ያ ሰብሳቢ ዛሬም ሰብሳቢ ነው። ሞተህ መልስ እንደማትሰጥ አውቆ ነው የሰቀለህ።

ከዚያ ደጋፊውን ለስብሰባ ጠሩት፤ አራዳ አንድ አዳራሽ ውስጥ። እኔ ሰው ፊት መናገር እንደማልወድ ታውቃለህ፤ በሠርጌ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው የዋልኩት። ሰብሳቢው ለብዙ ጊዜ ተናገረ። መንገዱ፣ ኑሮው፣ ጊዜው። እውነት ነው፣ ጊዜው ከባድ ነው፤ ግን ከእኛ የባሰባቸው ክለቦች ይሞክራሉ። መጨረሻ ላይ «አያ ዘለቀን የመሰለ ደጋፊ ነበር ይህን ክለብ ያቆመው፤ አይጮህም፣ አይሳደብም» አለ። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«የአያ ዘለቀ ልጅ ነኝ» አልኩ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እኅቴ፣ አባትሽን አክብረን ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«በቁሙ ቢሮህ መጥቶ ሲለምንህ ምነው ያኔ አላከበርከው?» አልኩት። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። ወደ ላይኛው ሊግ መውጣት ትፈልጋላችሁ ወይስ አትፈልጉም?»

ዙሪያውን አየ። ማይኩን ነካ ነካ አደረገ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። «እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ» አለ፣ «ላይ ወጥቶ ከመዋረድ እዚሁ ያለንበት አይሻልም ወይ?»

አባየ፣ ይህን ብትሰማው! ስንት ዓመት በዝናብ የተቀመጥነው፣ ሙክቱ፣ ጉዞው፣ ልቅሶው፣ ሁሉም ለካ «ያለንበት ይሻላል» ብሎ ለሚያስብ ሰው ነበር። ለካ እነሱ አቅቷቸው አልነበረም፤ መጀመሪያውንም አልፈለጉትም። እኛ መሸነፉን እንችለዋለን፣ ሲያስለምዱን ኖረዋል። ይህንን ግን ማንም አልቻለም። አዳራሹ ባንድ ድምፅ ጮኸ። ወንበር ተገለበጠ። ሰውዬው በጓሮ በር ወጣ።

ለእማየ በስልክ ነገርኳት። ሰማችኝና «ዘለቀን ውጭ ነው የሰቀሉት? ዝናብ ላይ?» አለች። በማግስቱ፣ ያ ጉልበቷ እያማት፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወርዳ ሱቄ በር ላይ ቆመች። በሕይወትህ ሙሉ አንድ ቀን ስታዲየም ነይ ብለህ ያላመጣሃት ሴት «ያንን ኳስ ቤት አሳዪኝ» አለችኝ።

በሩ ላይ ዘበኛው «ምን ፈልገው ነው እናቴ?» አላት።

«ባሌን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

ዘበኛው ወደ ላይ ባነሩን አየ፣ እሷን አየ። ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ መሰላል ይዞ መጣ። እሱ ነው ወጥቶ የፈታልን። ሲወርድ እማየ በእጇ ተቀበለችህ። ከሱቅ ይዤ የመጣሁትን መቀስ ጠየቀችኝና መሬት ላይ ተንበርክካ ጽሑፉን ከሥርህ ቆርጣ ጣለችው፤ አንተን ጠቅልላ በነጠላዋ አሠረችህ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል። አንዲትም እንባ አላወጣችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። አውቶቡስ ላይም ጭነት ጣራ ላይ ነው ሲሏት «ጭነት አይደለም» ብላ ጭኗ ላይ አስቀምጣህ ሄደች። ኋላ ከክለቡ ደውለው ባነሩ የክለቡ ንብረት ነው አሉኝ። ስነግራት «አምባ ጊዮርጊስ ይምጡና ይውሰዱት» አለች። የመጣ የለም።

እንግዲህ ነገሩ እንዴት ሆነ ብትለኝ፣ ሸጋ ወሬ የለኝም። ሰብሳቢው አልወረደም። ቡድኑም አልወረደም፤ በመጨረሻው ቀን ሌላው ቡድን ስለተሸነፈልን ብቻ ተረፍን። እነሱ ስላልወረድን ኬክ ቆረሱ። እውነቴን ነው፣ ኬክ! ክለቡ ፎቶውን በፌስቡክ ገጹ ለጠፈው፤ ሱፍ ለብሰው፣ ቢላውን አንድ ላይ ይዘው፣ እንደ ሙሽራ። ስልኬን ልወረውረው ነበር።

ደጋፊው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከአዳራሹ በኋላ ኮሚቴ መረጥን፤ እኔንም አስገቡኝ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ አንዳንዱ አሁንም ስናገር ወደ ስልኩ ያያል። በክረምቱ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፣ አመራሩ በድምፅ እንዲመረጥ እንጠይቃለን። ይሰሙናል ብዬ ላታልልህ አልችልም። በየሰፈሩ እየዞርን ሰው እናነጋግራለን። ባለፈው ሳምንት ከወገራ የመጡ ገበሬዎች ሱቄ ገብተው «የአያ ዘለቀ ልጅ አንቺ ነሽ? እኛም አለን በይልን» ብለውኝ ሄዱ። ጨርቅም አልገዙም።

አባየ፣ ሰው ሲሞት ለስላሳ ለስላሳው ብቻ ይወራለታል። ለቅሶ ላይም ስለ አንተ ደግ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር ሲሉ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ከእንግዲህ ዝም አልልም። በዳኛ ላይ ስትጮህ ድምፅህ እንደሚዘጋ፣ በተሸነፍን ማግስት በሬዎቹን እንኳ እንደምትቆጣ፣ ሰነፍ ሰው ስታይ ፊትህ እንዴት እንደሚጠቁር፣ ይህን ሁሉ ለልጆቼ እነግራለሁ። እንደነበርክ አድርጌ አስታውስሃለሁ፤ ማንም አለስልሶ እንዲሰቅልህ አልፈቅድም።

ከመስቀል በኋላ አዲሱ ውድድር ይጀመራል። እሄዳለሁ። ተናድጄ እሄዳለሁ።

ልጅህ እናኑ