እናቴ ያልጠጣችው ውሃ

ተስፋዓለም፣

የእናቴን ልብስ ለእህቶቼ ላደርስ በጠዋቱ መኪና ቦኬ ሄጃለሁ። የቤታችን ቁልፍ አከራያችን ጋ ነው።

አልጋዋን ሳነሳ ከሥሩ ስድስት የውሃ ጠርሙስ አገኘሁ፤ አንዱም አልተከፈተም። ሐኪሙ ለኩላሊቷ ውሃ በብዛት ትጠጣ ብሎ ነበር። እኔም በየቀኑ አመጣላት ነበር። ጎረቤታችን ዑሙልኸይር ለምን እንደማትጠጣ ስትጠይቃት፣ «ከጠጣሁ መውጣቴ አይቀርም። በልጄ ጓደኞች ፊት ጆግ አንጠልጥዬ ሽንት ቤት ልግባ እንዴ?» ብላት ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ ጫት ይዘን ለበርጫ የምንቀመጠው ከሽንት ቤቱ በር ፊት ነው።

በቀብሯ ማግስት «ለዚህ ያበቃችኋት አንተና ጓደኞችህ ናችሁ» ብዬ ጮኼብሃለሁ።

ለሽንት ቤቱ መጋረጃ የሚሆን ሸራ ጥግ ላይ አለ። አሁን ለማን እንደሚሰቀል እንጃ።

የበርጫው ምንጣፍ የእኔ ነው። እዚያ በሩ ፊት ያነጠፍኩትም እኔ ነኝ።

ደበሌ