ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት

ውድ ወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ከጤናው በኩል ክፉ አይነካን፤ ከሰላሙ በኩል ግን ቤታችን ኩርፊያ ገብቶበታል። እማዬ አኩርፋኛለች። ምክንያቱን ከእሷ አፍ ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

በምሠራበት የሆስፒታሉ ምልክት ክፍል፣ የበሩንና የኮሪደሩን ምልክት በምንሥልበት፣ አዲስ አለቃ መጥተውልናል። ሠራተኛው «አቶ ባዶ ቦታ» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ምን ብትሠራላቸው «ይሄን አንሺው፣ ያንንም አንሺው፣ ባዶው ቦታ ይተንፍስ» ነው መልሳቸው። በቀደም አንዱን ፖስተሬን እንደ ዶሮ ላባ ነጭተው ነጭተው አንዲት ክብ ብቻ አስቀሩልኝ። እሷንም እያዩ ሲያመነቱ ነበር!

እንዳልጠላቸው ደግሞ ወሬያቸው ይጥመኛል። የዛሬ መቶ ዓመት ግድም፣ ጦርነት ባደቀቃቸው ከተሞች የነበሩ ሠዓሊዎችና አታሚዎች ሐረጉንና ጥምዝምዙን ከገጽ ላይ ጠርገው እንደጣሉ ይተርኩልናል። ፊደል ያለ ጌጥ ይቁም፣ ሥዕል ቋንቋ ለማይጋራው ሁሉ ይናገር ብለው ነበር አሉ። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ እንኳ የአገሩን ጉዳይ በሥዕል አይቶ እንዲረዳ የደከሙም ነበሩ። ይህን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ሥራዬን እንደ አዲስ ወደድኩት።

ታዲያ እኒህ ሰውዬ ከዚያ ሁሉ ታሪክ ባዶውን ቦታ ይዘው ሰዉን ረሱት! ከየበሩ ላይ ቃል የተባለ ሁሉ እንዲነሳና ሥዕል ብቻ እንዲቀር አዘዙ። «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ለጥቂት ሕመምተኞች እናሳያቸው» ብላቸው «ሰው ይለምደዋል» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። የኩላሊት ክፍሉ በር ላይ አንዲት ያማረች ኩላሊት ሥዬ ለጠፍኩ። በነጋታው አንድ አስታማሚ ባቄላ መስላው፣ ካፍቴሪያ ነው ብሎ፣ ሳህን ይዞ አንኳኳ። ነርሷ «እዚህ ኩላሊት ነው ያለው» ብትለው «እሱም ይሁን፣ ጥብስ አድርጉልኝ» አይላትም!

ይሄን ሁሉ ስቄ አሳለፍኩት። ረቡዕ ዕለት ግን የእማዬ የዓይን ሞራ የሚገፈፍበት፣ ስንት ወር የጠበቀችው ቀጠሮ ነበር። ይዣት ልገባ ስል ሰውዬው ለስብሰባ አስጠሩኝ። «ቀስቷን ብቻ ተከተይ» ብያት ሮጥኩ። በእኛ ሙያ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት «ቀጥ ብለህ ሂድ» ማለት ናት፤ የዓይን ክፍሉም እዚያው ምድር ቤት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። እማዬ ታዲያ ቀስቷ ወደ ላይ ካለች ብላ ደረጃውን ተያያዘችው። ከስብሰባ ወጥቼ ብፈልጋት፣ ጣሪያው ላይ አንሶላ ከሚያሰጡት ነጭ ለባሾች አጠገብ ቁጭ ብላ ተራዋን ትጠብቃለች! ስንወርድ ሐኪሙ ጨርሰው ሄደዋል። ቀጠሮው ለጥር ተዛወረ። እማዬም «የእኔስ ዓይኔ ታሞ ነው፤ የእናንተ ምናችሁ ነው?» አለችኝ።

ደሜ ፈልቶ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «ቀስቷ ትክክል ናት፤ ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው እንዲህ ነው» አሉኝ። «ዓለም ሁሉ ጣሪያው ላይ ከእናቴ ጋር ተቀምጧላ!» ብዬ ወጣሁ። ማንበብ ለማይችለው ስል ሥዕሉን እዚያው ትቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በየሥዕሉ ሥር በትልልቅ ፊደል ጻፍኩበት፤ ከቀስቷ ሥር «የዓይን ክፍል፣ በዚሁ ቀጥታ፣ ደረጃ አይውጡ»። ያ የሚሳሱለት ባዶ ቦታ አለቀ። ነገ ቢሮአቸው ጠርተውኛል። ያባርሩኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ቃሉን ግን አላነሳም።

የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው፤ እማዬ «ዓይኔ ቢጠፋ ይጥፋ እንጂ እዚያ ቤት አልመለስም» ብላ ምላለች። አንተን ትሰማሃለችና እባክህ ደውልላት። በጥር ሥራም ኖረኝ አልኖረኝ፣ እጇን ይዤ አልጋው ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ።

ለባለቤትህ ናፍቆቴ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ትልቁን ልጅ ጎበዝ በልልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እማዬን ምን ሰላምታ ልጻፍልሽ ብላት ግን፣ በስልክ ራሴ እነግረዋለሁ ብላለች፤ በእኔ እጅ ከተላከ መንገድ ይጠፋዋል ባይ ናት።

እህትህ

ከሆስፒታሉ ምልክት ክፍል
ኅዳር ፲፬ ቀን