ስለ ደኑ መግቢያ የብረት በር

ለተከበሩ የተፈጥሮ መዝናኛ ሥፍራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንግዶችዎ ጋር በደናችን ሲንሸራሸሩ ለሚያርፉበት አግዳሚ ወንበርም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ አምና የደኑን በር የበየድኩልዎ፣ ከበሩ ሃያ እርምጃ ርቄ የምሠራው በያጅ ነኝ። የዚያን ዕለት በሩን በሁለት እጅዎ ይዘው ቢገፉት ንቅንቅ ባለማለቱ «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ነበር፤ ስለ ምርቃቱ እስካሁን በወጉ ስላላመሰገንኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ከከተማ የሚመጡ እንግዶች ጸጥታ እንዲያገኙ፣ ወፎችም እንዳይረበሹ ብለው መኪናና ጋሪ ስላገዱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከደኑ ማዶ ለሚኖረው ሕዝብ መውጫ መንገዱ ይኸው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጸጥታው ለእነሱም በእኩል ደርሷቸዋል።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ወር ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችኝ ታላቅ እኅቴ ከደኑ ማዶ ባለው ቤቷ ትንፋሽ አጠራት። ጎረቤቶቿ ደወሉልኝ፣ እኔ አምቡላንስ ጠራሁ፣ አምቡላንሱም ሳይውል ሳያድር በሩብ ሰዓት ደርሶ የእርስዎ በር ላይ ቆመ። ከዚያ እስከ እትዬ ቤት በመኪና አሥር ደቂቃ፣ በእግር ግን አንድ ሰዓት ነው፤ ግራና ቀኙን ያስቆፈሩት ቦይ ደግሞ እግረኛ እንጂ መኪና አያሳልፍም። ወደ ቢሮዎ ስደውል ጸሐፊዎ፣ ከአፏ ማር ጠብ እያለ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ እንደሆኑ፣ ቁልፉም ያለ ፊርማ እንደማይወጣ አስረዳችኝና እንድጠብቅ ለመነችኝ። ሾፌሩ ወደ ወርክሾፔ እያየ «አንተ ብረት ሠራተኛ አይደለህም እንዴ? ቁረጠው እንጂ» አለኝ። እኔ ግን በሩ ላይ በገዛ እጄ የሰቀልኩትን፣ ንብረቱን የነካ በሕግ ይጠየቃል የሚለውን ማስታወቂያ አየሁና «የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ ትንሽ እንታገሥ» አልኩት። ሃምሳ ደቂቃ ታገሥን።

ጎረቤቶቿ መጠበቁ ሲሰለቻቸው በአልጋ ተሸክመዋት ተነሡ። እኅቴ ያረፈችው ደኑ መሀል፣ «ቆም ብለው ወፎችን ያዳምጡ» የሚለው ሰሌዳዎ አጠገብ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሸማኔ ጎረቤቷ፣ በመንገድ ላይ ደጋግማ «ወንድሜ በሩን ከፈተው?» ትል እንደነበር፣ እነሱም «እየከፈተው ነው፣ አይዞሽ» ይሏት እንደነበር ከሦስት ቀን በኋላ ዓይን ዓይኔን ሳያይ ነገረኝ። ቁልፉ ግን በዚያው አልቀረም፤ በቀብሯ ማግስት ባለ ሦስት ፊርማ ደብዳቤ ታጅቦ ደርሶናል፤ ስለ ድካማችሁ እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ጽሕፈት ቤትዎን የሚመለከት ስላልሆነ በትሕትና ያልፉልኝ። የብየዳ ጭንብሌን ፊቴ ላይ ባወረድኩ ቁጥር፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያ የእኅቴ ጥያቄ ይጠየቃል። መሣሪያውን አጥፍቼ ጭንብሉን ሳነሳ ማንም የለም፤ ደንበኞቼ ብቻ ከማን ጋር እንደማወራ ይጠይቁኛል። ባለፈው ቅዳሜም ሰሌዳዎ እንደሚያዘው ደኑ መሀል ቆሜ ወፎቹን አዳመጥኩ። በእርግጥ ያምራሉ። ከእነሱ በታች ግን ሸክም የከበዳቸው የብዙ ሰዎች እርምጃ ይሰማኝ ነበር፤ ዞር ስል ሁለት ወጣት ጎብኚዎች «እንዴት ደስ የሚል ጸጥታ ነው» እያሉ አለፉ፤ እኔም አንገቴን ነቅንቄ ተስማማሁ። መስማማት ልማዴ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ ለመጫን አፌ አይደፍርም። እርስዎ በር አሠሩ፤ በሩ ፊት እጁን አጣምሮ የቆመው የእናቷ ልጅ ነው።

ሰው እስኪሞት ድረስ ያከበረዎ፣ ከዚህ በኋላ ግን ማክበሩን እንዴት እንደሚያቆም የጨነቀው፣

ትሑት አገልጋይዎ በያጁ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት በሩን ቆርጬ ቦዩ ውስጥ አጋድሜዋለሁ። ለመያዝ የሚመጡት ሰዎች ፍለጋ እንዳይደክሙ ወርክሾፔ ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኳቸው ነው። ለመዝገብዎ እንዲረዳ፣ ሥራው የፈጀው አራት ደቂቃ ነው።