ከውጭ የተለጠፈችው i እና የቡሬው ጥቅል

ለተከበሩ አቶ ገነነ፣ በከተማችን የደብዳቤ እደላ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ዕቅድዎ ያማረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቢሮዎ ሰላማዊ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ፐርል በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በ qr አስቀድሞ የተዘጋጀ የፍለጋ ንድፍ ሌላ ንድፍ ውስጥ ሲገባ የራሱን ደንብ ይዞ ይገባል፤ ከውጭ የሚጨመር ምልክት ወደ ውስጡ አይዘልቅም።

የደብዳቤ መፈለጊያ ፕሮግራማችሁን በግልጽነት መርህ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለ ለጠፉልን አመሰግናለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ደብተር ላረመ፣ ፐርልንም ልጁ ትታለት ከሄደችው መጽሐፍ ለብቻው ለተማረ ጡረተኛ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ኮምፒውተራችሁ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ስሞች በላቲን ይመዘገባሉ፤ የእኔ ስም ሲፈለግም የሚሠሩት እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው፦

$sim = qr/Ejigu/;
/Memhir $sim/i

1ኛ. ወደ እኛ የሚያልፈውን ደብዳቤ የሚመዘግበው የቡሬው ሠራተኛ ኪቦርድ ከጥቅምት ጀምሮ በትልልቅ ፊደል ብቻ እንደሚጽፍ ሰምተው፣ «ትልቅና ትንሽ ፊደል አትለይ» የምትለውን i ከመጨረሻው መስመር ጫፍ ስላስጨመሩ፣ ችግሩ መፈታቱንም በስብሰባ ስላበሰሩን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። i የደረሰችው ግን Memhir ለሚለው ቃል ብቻ ነው። ማዕረጌን MEMHIR ብለው ቢጽፉት ያገኘዋል፤ ስሜን EJIGU ካሉት ግን አያውቀኝም። ንድፉን እንዲያትም ቢያዙት (?-xism:Ejigu) ብሎ ራሱ ይናዘዛል፤ ከመቀነስ ምልክቱ ኋላ i መኖሯ እዚህ ውስጥ አትሠራም ማለት ነው።

2ኛ. ልጄ ሜላት ነቀምት ታስተምራለች፤ ደብዳቤዋ የሚመጣው በቡሬ በኩል ነው። ዓርብ ዓርብ ወደ መስኮታችሁ እመጣለሁ፤ ወይዘሪት ሀኒም ስሜን በጥንቃቄ ትጽፍና፣ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ የለም ካለ የለም ነው፣ እኔ ምን ላድርግዎ ትለኛለች። ከጀርባዋ በሲባጎ የታሰረው የቡሬ ጥቅል ይታየኛል። በእጅ መፈለግ በመመሪያ ስለ ተከለከለ፣ ሁለታችንም ጥቅሉን አየት አድርገን እንሰነባበታለን።

3ኛ. ይህኛው እንኳ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። በሚያዝያ ለሜላት፣ አባትሽን ከረሳሽ እኔም ከእንግዲህ አልጽፍልሽም ብዬ ጻፍኩ። ያ ደብዳቤ በሰላም እንደ ደረሳት አልጠራጠርም፤ ከዚህ የሚወጣው በደንቡ ይመዘገባልና።

መፍትሔው qr/Ejigu/i ነው። የውጭዋንም i አያንሷት፤ የውስጧ ወደ ውጭ ስለማትወጣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የአንዲት ፊደል ሥራ በመሆኑ ስብሰባ አይጠራበትም።

ማዕረጉ ተገኝቶ ስሙ የጠፋበት፣ ሰባት ወር ሙሉ በመስኮትዎ ሥር በመቆም የሥራዎን ቅልጥፍና ያደነቀ፣
መምህር እጅጉ ዳኘው
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 1999 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእናንተ በኩል ለመላክ ስላልደፈርኩ ከፕሮግራሙ አጠገብ በሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ጥቅሉ ተፈቶ ከሜላት አንድ እንኳ ከተገኘ፣ ልጄን ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝና እባክዎ እስከ ዓርብ ይመልሱልኝ። መልስዎን ግን አያስመዝግቡት፤ በሰው እጅ ይላኩልኝ፤ ቤት አለሁ።