የልብስ ሰፊዋ ሾርባ

ልጄ፣

አክስትሽን ልጠይቃት ሄጃለሁ። ሐኪሙ «ቀላል ጉንፋን ነው» ስላላት ይበልጥ ፈራሁ። መኪናው ካልተገለበጠ እሁድ እመለሳለሁ።

ድስቱ ውስጥ የምስር ሾርባ አለ። ስታሞቂው ከምድጃው አጠገብ አትጥፊ፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ሲቀለድ ነው።

የቀሚስሽ ዚፕ አልዘጋ ያለ ጊዜ «እራት ቀንሺ» ካልኩሽ ወዲህ እቤት እህል አልቀመስሽም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ እንደምትበዪ ግን አውቃለሁ። ራሷ ናት የነገረችኝ። «ልጅሽ ሾርባዬን ሁለት ሳህን ጠጥታ ‹እማዬም እንዲህ ብትሠራ› አለችኝ» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ሾርባውን በጓሮ በር የማቀብላት እኔ ነኝ። እሷማ ውሃ እንኳ ብታፈላ ታሳርራለች። እንዳይርብሽ ብዬ ነው እንጂ ምስጋናውን እሷ እንድትወስድ አልነበረም።

ለካ ሰው ምግብ የሚመርጠው በጨውና በቅመሙ ሳይሆን አብሮት በሚቀርበው ወሬ ነው።

ዚፑን አገላብጬ አየሁት። ጥርሱ ረግፎ ነው አልዘጋ ያለው።
አስቀይሬዋለሁ፤ ቀሚሱ አልጋሽ ላይ ነው።

ሾርባው ያው የምታውቂው ነው። እስከ እሁድ እኔ ስለሌለሁ ይጣፍጥሻል።

እናትሽ